ከአዋሽ ወደ ወሎ የሚገነጠለው ሐዲድ፤ ታሪኩና የእኛ ጆንያ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለጠቅላላ ጉባኤው አባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)







የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ባቡር እንድናገር ሲጠይቀኝ፣ በእንዲህ ያለ ቀን ስለ ብድር፣ ስለ ትርፍ ክፍፍልና ስለ ምርጥ ዘር እንጂ ስለ ባቡር ምን ይወራል የሚል አባል እንደማይጠፋ አስቤ ነበር። ነገር ግን ከሸዋ ሮቢት እስከ ከሚሴ ባለው ቆላ የምንኖር ሁሉ ሐዲዱን በየቀኑ እናየዋለን። ከብቶቻችን በድልድዩ ሥር ያልፋሉ፤ እረኞቻችን በጥላው ያርፋሉ። ከማኅበሮቻችንም መሬቱን ለሐዲዱ የለቀቀ ገበሬ አለ። ከዚህም ሌላ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በጉባኤው ፊት የሚቀርበው የአዲሱ መጋዘን ጉዳይ ከዚህ ሐዲድ ጋር የተያያዘ ነው። መጋዘኑ ጣቢያው አጠገብ ይሠራ ወይስ አስፋልቱ ዳር? በዚህ ላይ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ሐዲዱ ከየት መጣ፣ ለምን መጣ፣ ከእርሱ በፊት የታሰቡትስ ቅርንጫፎች ምን ሆነው ቀሩ የሚለውን ማወቅ ይጠቅመናል ብዬ አምናለሁ።

በወረቀት ላይ የቀሩ ቅርንጫፎች

ነገሩን ከሥሩ ለመጀመር ወደ 1886 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለአማካሪያቸው ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ የመሥራት ፈቃድ ሰጡ። ፈቃዱ ለ99 ዓመት የሚጸና ነበር። ሁላችንም የምናውቀው ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚደርሰውን ባቡር ነው። በፈቃዱ ላይ የታሰበው መስመር ግን በአዲስ አበባ የሚያበቃ አልነበረም። የመጀመሪያው ክፍል ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከእንጦጦ እስከ ከፋና እስከ ነጭ ዓባይ ይደርስ ነበር። ከፋ የቡና አገር ነው። ስለዚህ ባቡሩ ገና ሲታሰብ ጀምሮ ምርቱ ወዳለበት የመድረስ ሐሳብ ነበረው ማለት ነው።

ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። በረሃው፣ የውኃ እጦቱ፣ የድልድዩ ብዛትና የገንዘብ ችግሩ ተደማምረው ሥራውን እጅግ አከበዱት። መስመሩ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ድሬዳዋ ደረሰ። እዚህ ላይ አንድ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ፈቃዱ የሚለው ሐረር ነው፤ ባቡሩ የደረሰው ግን ድሬዳዋ ነው። ሐረር ተራራ ላይ በመሆኗ ሐዲዱን ወደዚያ ማውጣት ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ፣ መሐንዲሶቹ ቆላውን ይዘው አለፉ። ለስንት ዘመን የንግድ ማዕከል የነበረችው ሐረር ከመስመር ወጣች። ብዙ ነዋሪ ባልነበረበት ሜዳ ላይ ደግሞ አዲስ ከተማ ቆመ። ከዚያ በኋላ የሐረርጌ ቡና ተራራውን እየወረደ ድሬዳዋ ላይ ፉርጎ ይጠብቅ ጀመር። ጣቢያ የሚቆምበት ቦታ የአንድን አካባቢ ገበያ እንዴት እንደሚያነሳና እንደሚጥል ከዚህ የበለጠ ምስክር ያለ አይመስለኝም።

ኩባንያው ድሬዳዋ ላይ ገንዘቡ አልቆ ሥራው ለዓመታት ቆመ። በኋላ ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ፣ በ1900 ዓ.ም. አዲስ ፈቃድ ተሰጥቶ ሥራው ቀጠለ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው ደግሞ በ1922 ዓ.ም. ነበር። የመስመሩ ጠቅላላ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ መንገደኛው አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ ያድር ነበር። ዛሬ የእኛ ቅርንጫፍ የሚነሳባት የአዋሽ ከተማ ያኔ የመንገደኛ ማደሪያ ነበረች ማለት ነው። (በጣቢያው የነበረውን የፈረንሳዮች ቡፌ ሽማግሌዎች አሁንም ያነሱታል።)

ታዲያ ሦስተኛው ክፍል፣ ወደ ከፋ የሚሄደው፣ የት ደረሰ? አልተሠራም።

ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ፣ በ1950ዎቹ ዓ.ም.፣ ሌላ ቅርንጫፍ ታሰበ። ይህኛው ከናዝሬት፣ ከዛሬዋ አዳማ፣ ተነስቶ ወደ ደቡብ እስከ ዲላ የሚሄድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር ነበር። ዓላማው ግልጽ ነው፤ የሲዳሞን ቡና ከነመንደሩ አንስቶ ጅቡቲ ለማድረስ ነው። ጥናት ተደረገ፤ ከፈረንሳይ ጋርም ንግግር ተካሄደ። ይህም አልተሠራም። የሲዳሞና የጌዴኦ ቡና እስከ ዛሬ የሚመጣው በመኪና ነው።

እንግዲህ ባቡር ወደ ገበሬው ማሳ እንዲሄድ ሁለት ጊዜ ታስቦ ሁለቱም ወረቀት ላይ ቀርቷል። ሦስተኛው የእኛ ነው። የእኛ ከሁለቱ የሚለየው ሐዲዱ መሬት ላይ መነጠፉ ነው።

አሮጌው ባቡር ለገበሬው ምን አደረገ?

ወደ እኛው ቅርንጫፍ ከመግባቴ በፊት በዚህ ጥያቄ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ለዛሬው ውሳኔያችን ከሁሉ የሚጠቅመን እርሱ ይመስለኛል።

አሮጌው ባቡር ከተማ ሠርቷል። ድሬዳዋን ጠቅሻለሁ። አዳማ፣ ሞጆ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ ከጣቢያው ጋር ያደጉ ናቸው። ባቡሩ በቆመ ቁጥር በየጣቢያው ወተት፣ እንቁላል፣ እንጀራና ፍራፍሬ የሚሸጡ ሴቶች ይከቡታል፤ በዚያ ገቢ ልጅ ያሳደጉ ጥቂት አይደሉም። ከድሬዳዋ አካባቢ አትክልትና ፍራፍሬ እየተጫነ ጅቡቲ ይወርድ ነበር። ጫትም እንዲሁ።

የእህልና የቡና ጭነት ግን ሌላ ነገር ነበር። ባቡር በአህያ ጭነት አይቆጥርም፤ በፉርጎ ነው የሚቆጥረው። አንድ ፉርጎ የሚሞላ እህል በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ስም ማቅረብ የሚችለው ደግሞ ነጋዴው እንጂ ገበሬው አልነበረም። መጋዘን፣ ሚዛንና በጣቢያው ዙሪያ የሚሠሩለት ሰዎች ያሉት እርሱ ነው። ስለዚህ ገበሬው እህሉን ገበያ አውጥቶ ወይም እደጁ ድረስ ለመጣ ደላላ ይሸጣል፤ የባቡሩን ጥቅም የሚያየው ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ባቡሩ በማሳው ጫፍ እያፏጨ እያለፈ በእህሉ ዋጋ ላይ አንድ ሳንቲም ያልጨመረለት ገበሬ ብዙ ነበር። በዚያን ጊዜ እንደ እኛ ያለ ዩኒየን አልነበረም። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ወጥቶ ማኅበራት በዩኒየን መደራጀት ሲጀምሩ ደግሞ አሮጌው ባቡር ወደ ማለቂያው ተቃርቦ ነበር። ሁለቱ ሳይገናኙ ተላለፉ።

አሮጌው ባቡር እንዴት እንዳለቀ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። በ1969 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ድልድዮቹ ፈረሱ፤ ተጠግነው ሥራው ቀጠለ። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አካባቢ ባቡሩ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገብቶ ከ400 በላይ ወገኖቻችን አለቁ። ሐዲዱ እያረጀ፣ መለዋወጫው እየጠፋ፣ የጭነት መኪናው እየበረታ ሄዶ በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል አገልግሎቱ ተቋረጠ።

የእኛ አካባቢ በዚያ ሁሉ ዘመን ባቡር አይቶ አያውቅም። የወሎ ንግድ በሌላ መንገድ ነበር የሚሄደው። በጥንት ጊዜ ጨው ከአፋር በግመል ወደ ደጋ ይወጣ ነበር፤ የባቲ ገበያ እስከ ዛሬ ሰኞ ሰኞ የሚቆመው የደጋውና የቆላው ሰው የሚገናኝበት ስለሆነ ነው። ከጣሊያን ወረራ ወዲህ ደግሞ ከአሰብ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚዘልቀው መንገድ ተሠራ። ኮምቦልቻን የፋብሪካና የመጋዘን ከተማ ያደረጋት ያ የአሰብ መንገድ ነው። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመር አሰብ ተዘጋብን። የአገሪቱ ዕቃ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዛሬ ለምንሸጠው ማሾም ሆነ ለምንገዛው ማዳበሪያ የምንከፍለው የትራንስፖርት ዋጋ ታሪክ ከዚያ ይነሳል።

ከአዋሽ ወደ እኛ

የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን የተቋቋመው በ2000 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. ባለው ጊዜ 2,395 ኪሎ ሜትር አዲስ ሐዲድ ለመዘርጋት ታቀደ። በአምስት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ሐዲድ መሥራት እንደማይቻል ያኔም የሚናገሩ ባለሙያዎች ነበሩ። ከታቀደው ውስጥ መጀመሪያ ያለቀው ዋናው ግንድ፣ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደው 750 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ የንግድ አገልግሎት የጀመረው በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ነው። ይህ መስመር በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ስፋቱም 1.435 ሜትር ነው። ስለዚህ የአሮጌው ባቡር ጥገና ሳይሆን ፈጽሞ ሌላ መስመር ነው።

የእኛ ቅርንጫፍ ከዚህ ግንድ በአዋሽ ይገነጠላል። በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ አቅራቢያ አልፎ ኮምቦልቻ ይደርሳል፤ ከዚያም በሐይቅና በመርሳ በኩል ወልዲያ አጠገብ ሐራ ገበያ ድረስ ይሄዳል። ጠቅላላ ርዝመቱ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ እስከ ኮምቦልቻ ያለው የመጀመሪያው ምዕራፍ 270 ኪሎ ሜትር፣ ቀሪው 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውሉ በ2004 ዓ.ም. ያፒ መርከዚ ከተባለ የቱርክ ኩባንያ ጋር ተፈረመ፤ ዋጋው 1.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ብድሩ ከቱርክና ከአውሮፓ ባንኮች ተገኝቶ የግንባታው ሥራ በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ። ከአዋሽ ቆላ ወደ ኮምቦልቻ ዳገት መውጣት ቀላል ስላልሆነ ብዙ ድልድይና ዋሻ አስፈልጓል። በዚያ ሥራ ላይ ከወጣቶቻችን ጉልበት ሠራተኛ፣ ግንበኛ፣ ሾፌር፣ ጥበቃ ሆነው የሠሩ አሉ። ሙያ ይዘው የወጡም አሉ።

መሬቱን የለቀቀው ገበሬ ነገር ሳይነሳ መታለፍ የለበትም። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የካሳ ሕግ አዋጅ ቁጥር 455/1997 ነው። በዚያ ሕግ ከመሬቱ በቋሚነት የሚነሳ ገበሬ የሚያገኘው የመፈናቀያ ካሳ ከመነሳቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ተባዝቶ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 አሥሩን ወደ አሥራ አምስት ከፍ አደረገው። የእኛ ገበሬዎች መሬታቸውን የለቀቁት አዲሱ ሕግ ከመውጣቱ በፊት ነው። ሕግ ወደ ኋላ አይሠራም ይባላል፤ ይገባኛል። ቢሆንም አንድ ሰው መሬቱን ለሐዲድ ለቅቆ፣ ካሳውን በአሮጌው ስሌት ተቀብሎ፣ ከዚያ በኋላ ለዓመታት አንድ ባቡር ሲያልፍ ሳያይ ሲቀር ምን እንደሚሰማው የሥራ ኃላፊዎቻችን ሊያስቡት ይገባል። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም። ከጣቢያው ዙሪያ ቦታ ሲከፋፈል፣ የጫኝና አውራጅ ማኅበር ሲደራጅ፣ ጥበቃ ሲቀጠር ቅድሚያው ለእነዚህ ቤተሰቦች ልጆች ቢሆን ተገቢ ነው ለማለት ነው።

ባቡሩ ለምን ዘገየ? አንደኛው ምክንያት የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። እስከ ኮምቦልቻ ያለው ሐዲድ አብዛኛው ሥራ ተሠርቶ ሳለ ባቡሩን የሚያንቀሳቅሰው ኃይል በጊዜው አልቀረበም። ሐዲድ ያለ ኃይል በሬ የሌለው ቀንበር ማለት ነው። የገንዘብ እጥረትም ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲደርስ በፕሮጀክቱ ንብረት ላይ ዘረፋና ውድመት ደረሰ፤ ሥራውም ቆመ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላም ሐዲዱ ለዓመታት ባቡር ሳያይ ቆይቷል።

የጆንያው ሒሳብ

አሁን ወደ እኛው ማሾ ልምጣ። ማሾ በ2006 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከገባ ወዲህ በዚህ ቆላ ያለው ገበሬ ኑሮው ምን ያህል እንደተለወጠ ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ማሾ የወጪ ንግድ ሰብል ነው። ስለዚህ ወደብ ድረስ ያለው የትራንስፖርት ዋጋ ዞሮ ዞሮ ከገበሬው ኪስ ይወጣል።

አንድ ባለ ተሳቢ መኪና 400 ኩንታል ይጭናል። የጅቡቲው መስመር ሲሠራ ደግሞ አንድ የጭነት ባቡር እስከ 3,500 ቶን፣ ማለትም 35,000 ኩንታል እንዲጎትት ታስቦ ነው። ይህ ከ87 ባለ ተሳቢ መኪናዎች ጭነት ይበልጣል። ለምሳሌ ያህል አንድ ገበሬ ለገበያ 8 ኩንታል ማሾ ቢኖረው ያንን ባቡር ለመሙላት 4,375 ገበሬ ያስፈልጋል። ይህ ቁጥር አያስደንግጣችሁ። ሙሉ ባቡር መሙላት የእኛ ሥራ አይደለም። የእኛ መለኪያ ኮንቴይነሩ ነው። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 240 ኩንታል ያህል ጥራጥሬ ይይዛል። ይህ ሠላሳ ገበሬ ነው። ሠላሳ ገበሬ ደግሞ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ሞልቶ አለ። አሮጌው ባቡር በፉርጎ ሲቆጥር ያልቻልነውን ነገር በኮንቴይነር ሲቆጠር እንችለዋለን ማለት ነው፤ እርግጥ ምርቱ በአንድ መጋዘን፣ በአንድ ደረጃ፣ ጠጠርና አቧራው ተለቅሞ፣ በአንድ ስም ከተሰበሰበ።

ሁለተኛው ነገር ባቡሩ ከጅቡቲ ሲመጣ ሙሉ፣ ሲመለስ ግን አብዛኛው ባዶ መሆኑ ነው። አገራችን ከምትልከው ዕቃ የምታስገባው እጅግ ስለሚበልጥ፣ ከግንዱ መስመር ላይ ባዶ ኮንቴይነር ወደ ወደብ መመለሱ የታወቀ ነው። ባዶ የሚመለስ ተሽከርካሪ የሚጭነው ዕቃ ይፈልጋል። የተሰበሰበ ምርት ያለው ዩኒየን ከባቡር ድርጅት ጋር ስለ ዋጋ ሲነጋገር ለማኝ ሆኖ አይቀርብም፤ የሚፈልጉት ነገር በእጁ አለ።

ሦስተኛ፣ ማዳበሪያ። የጅቡቲው ባቡር ማዳበሪያ እያመላለሰ ነው። ማዳበሪያውን ለመሠረታዊ ማኅበራት የምናከፋፍለው እኛ ዩኒየኖች ነን። ማዳበሪያ የሚገባው ከክረምቱ በፊት ነው፤ ማሾ የሚወጣው መኸሩ ሲሰበሰብ ነው። ስለዚህ አንድ መጋዘን ግማሹን ዓመት ማዳበሪያ፣ ግማሹን ዓመት ማሾ ሊይዝ ይችላል፤ በመካከሉ በደንብ ተጠርጎና አየር ገብቶበት። ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ መጋዘን ብድሩን ይከፍላል። ስድስት ወር የሚዘጋ መጋዘን ግን ብድሩን የአባላት ትርፍ ነው የሚከፍልለት።

እዚህ ላይ የምታሞግሰው ነገር ሁሉ ባቡሩን ነው፣ ታዲያ መጋዘኑን ጣቢያው ላይ እንሥራ የምትለን ነህ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አይደለም። ካርታውን እንየው። ከኮምቦልቻ ተነስቶ በባቲና በሚሌ ወደ ጅቡቲ የሚሄድ መኪና ወደ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። በባቡር ከሆነ ግን ዕቃው መጀመሪያ 270 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ ከዚያ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ከሐራ ገበያ በሰመራ አድርጎ ወደ ታጁራ ወደብ የሚሄድ ሌላ መስመር ታቅዶ የነበረው ይህን ዙር ለማቃናት ነው። የታጁራ ወደብ በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ሐዲዱ ግን አልተሠራም። ስለዚህ ለሰሜኑ ያ ሐዲድ ዙሪያ ጥምጥም ነው። ለእኛ፣ ለሸዋ ሮቢትና ለከሚሴ ግን ነገሩ ይለያል፤ ወደ አዋሽ በቀረብን መጠን ባቡሩ እየቀና ይመጣልናል። ከዚህ ቅርንጫፍ ከሁሉ በፊት የሚጠቀም ሰው ቢኖር የእኛ ገበሬ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ዙሩ ብቻም አይደለም። መኪና ከመጋዘናችን በር ጭኖ ወደቡ ላይ ያራግፋል፤ አንድ ጊዜ መጫን፣ አንድ ጊዜ ማራገፍ ነው። በባቡር ሲሆን ከመጋዘን ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ባቡር፣ ከባቡር ወደ ወደብ እያለ ጆንያው ሦስት ጊዜ ይነሳል። በየመነሳቱ ለጫኝና አውራጅ ይከፈላል፤ ጆንያው ይቀደዳል፤ ማሾው ይፈስሳል። በአዲሱ የጅቡቲ መስመር አዳማም ሆነ ድሬዳዋ ጣቢያው ከከተማው ርቆ በመሠራቱ ነጋዴው ይህን ወጪ በኪሱ አውቆታል። ምርቱ በመጋዘናችን ውስጥ ኮንቴይነር ከገባ ግን ከዚያ ወዲያ የሚነሳው ኮንቴይነሩ እንጂ ጆንያው አይሆንም።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው። መጋዘኑ ዛሬ መኪና በሚደርስበት በአስፋልቱ ዳር ይሠራ፤ ነገር ግን ከጣቢያው በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ፣ ኮንቴይነር የጫነ ከባድ መኪና ገብቶ የሚዞርበት ሰፊ ግቢ ያለው ይሁን። ከጣቢያው ጋር የተጣበቀውን ባዶ ቦታ ከወሰድን ባቡሩ እስኪመጣ ምርታችንን በጠጠር መንገድ ስናመላልስ ልንኖር ነው፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆንብናል። ከጣቢያው እጅግ ርቀን ከሠራን ደግሞ ባቡሩ የመጣ ቀን እንደ ሐረር ተራራ ላይ ቀርተን ዕቃው በሥራችን ሲያልፍ እናያለን። በጉባኤው ከቀረቡት ሦስት ቦታዎች ይህን የሚያሟላው ሁለተኛው ነው ብዬ አምናለሁ። የቦታው ዋጋ ከሌሎቹ እንደሚወደድ አውቃለሁ።

ለሥራ ኃላፊዎቻችን ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ጣቢያ ሲባል መንገደኛ የሚሳፈርበት ሕንፃ ብቻ አይደለም። ገበሬውን የሚጠቅመው የጭነቱ ግቢ ነው፤ ኮንቴይነር የሚያነሳ ክሬን፣ መኪናውን ከነጭነቱ የሚመዝን ሚዛን፣ ባቡሩ ዋናውን መስመር ሳይዘጋ ገብቶ የሚጭንበት ተጨማሪ ሐዲድና ከአስፋልቱ እስከ ጣቢያው የሚያደርስ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ። እነዚህ ከሌሉ ባቡሩ ከሚሴ ላይ ቢቆምም የእኛን ማሾ አይጭንም። ከብት የሚያሻግረው ማለፊያ ጉዳይም አብሮ ቢታይ መልካም ነው። በጅቡቲው መስመር ላይ በባቡር የተገጨ ከብትና የካሳ ጥያቄ ስንት ጊዜ ሰውንና ድርጅቱን እንዳጋጨ ሰምተናል። ባቡሩ እዚህ ሳይሄድ በፊት ማለፊያዎቹን ከአርብቶ አደሩና ከገበሬው ጋር ሆኖ ማስተካከል ከኋላ ክርክር ይሻላል።

በመጨረሻም ለማኅበራት ሊቀመናብርትና ለሒሳብ ሠራተኞች። የመጋዘኑ ውሳኔ ምንም ይሁን ምን፣ በሚቀጥለው መኸር ማሾውን በደረጃ ለይቶ የመረከቡ ሥራ መጀመር አለበት። ለዚህ ባቡር መጠበቅ አያስፈልግም። የእርጥበት መለኪያው በዩኒየኑ ጽሕፈት ቤት ይገኛል፤ በየማኅበሩ አንድ ሰው ሠልጥኖ ይረከበዋል። የሦስቱ ቦታዎች ንድፍና የዋጋ ግምታቸው በአዳራሹ መግቢያ በስተቀኝ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ከምሳ በፊት ብታዩት፣ ከሰዓት በኋላ ተራ ቁጥር ሦስት ላይ ስንደርስ ውይይቱ ይፈጥናል።